ዘፈኑ የማን ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ የደረሰው ማን ነው? ግጥሙንስ የጻፈው?

አይዟችሁ፣ የማያውቀው ብዙ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ጠዋት ጠዋት ተሰልፎ ይዘምረዋል፤ ሯጮቻችን ወርቅ ባጠለቁ ቁጥር እንባ እያቀረርን እንሰማዋለን። ግጥሙ የደረጀ መላኩ መንገሻ፣ ዜማው የሰለሞን ሉሉ ምትኩ ነው። በንጉሡ ዘመን የነበረውን መዝሙር ዜማ የደረሰው ደግሞ ኬቮርክ ናልባንድያን ይባላል፤ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡትን «አርባ ልጆች» ሙዚቃ ያስተማረ አርመናዊ ነው። እንግዲህ አገር ቆሞ የሚሰማውን ዜማ ባለቤት ካላወቅን፣ በየሠርጉ የምንጨፍርበትን ዘፈን ባለቤት ከየት እናውቀዋለን?

እኔ የምኖረው ጉለሌ ነው። በቅርቡ ከሽሮ ሜዳ ወደ ፒያሳ ስወርድ የሚኒባሱ ሾፌር አንድ የቆየ ዘፈን ደጋግሞ ያጫውታል። ግጥሙ ደስ አለኝና «ወንድሜ፣ ግጥሙ የማን ነው?» አልኩት።

በመስታወቱ አየት አደረገኝና «ጋሼ ደግሞ! ዘፋኙን አያውቁትም እንዴ?» አለኝ።

«ዘፋኙንማ አውቀዋለሁ። ግጥሙን የጻፈውን ነው የጠየቅኩህ።»

«እሱ ነዋ! ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። የሳቀው በኔ ነው። ሾፌሩን ግን አልፈርድበትም፤ የነገረው ሰው የለም። ሬዲዮው «አሁን ደግሞ የእገሌን ዘፈን እንጋብዛችሁ» ብሎ የአንድ ሰው ስም ጠርቶ ያልፋል።

ይህ ነገር ለጉለሌ ሰው አዲስ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ውስጡን ከገባችሁ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ አቀርቅሮ መወርወሪያውን ሲወረውር ይውላል። ከሱ በፊት ጥጡን የፈተለች ሴት አለች። ከሱ በኋላ ቀሚሱን የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አለ። ሠርግ ላይ ግን «እንዴት አምሮባታል!» የምንለው ለለባሿ ነው። እውነትም አምሮባታል። የሸማኔውን ስም የጠየቀ ግን አይቼ አላውቅም።

ዘፈንም እንደዚያው ነው። አንዱ ግጥሙን ይጽፋል፣ አንዱ ዜማውን ያወጣል። አቀናባሪው የት ጋ ሳክስፎኑ እንደሚገባ፣ የት ጋ ቤዙ ዝም እንደሚል ይወስናል። ተጫዋቾቹ አሉ፣ ድምፁን የሚቀርጸው ባለሙያ አለ፣ ገንዘቡን የሚያወጣው አሳታሚ አለ። ድምጻዊው ለብሶት ይወጣል።

እስቲ ጥቂቶቹን በስማቸው እንጥራቸው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን በማዘጋጃ ቤት፣ በፖሊስ ኦርኬስትራና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲያስተምርና ሲያቀናብር ዕድሜውን ጨረሰ። ሣህሌ ደጋጎ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ በስተጀርባ የነበረ ትልቅ አእምሮ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር ነቅሎ ወጥቶ ቀበረው፤ ደግ አደረገ፣ ይገባዋል። ጥላሁን በክቡር ዘበኛ መድረክ ሲያንጎራጉር ከበስተኋላው የነበረውን ሣህሌን ግን የዛሬ ወጣት በስሙ እንኳ አያውቀውም።

ዐምሃ እሸቴም አለ። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ጥሶ በራሱ ገንዘብ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» የሚለውን ሙዚቃ ከመቶ በላይ ሸክላ አሳትሞ ያስቀረልን እሱ ነው። በ2013 ዓ.ም. አረፈ። ከነዚያ ሸክላዎች የብዙዎቹ አቀናባሪ ደግሞ ግርማ በየነ ነበር። ራሱ የዘፈናቸው ጥቂት ናቸው፤ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን ከስልሳ ይበልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ዋሽንግተን ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ። መኪናቸውን ነዳጅ ያስሞሉ ስንት አበሾች ያን ጊዜ የሱን ቅንብር ከፍተው ይሆን? እንደገና አልበም የሠራው በ2017 ከፈረንሳዮች ባንድ ጋር ነው። ፈልገው ያገኙትም ፈረንሳዮች ናቸው።

ይህ የኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙትን አልበሞች የሠራው ባመዛኙ ከፖርቶ ሪኮ ተጫዋቾች ጋር ነው። እነዚያ ሰዎች በመጡበት አገር ቲቴ ኩሬት አሎንሶ የሚባል የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቀን ከደብዳቤ ጋር ይውላል፣ ከሥራ መልስ ዘፈን ይጽፋል። ስማቸው የገነነው የሳልሳ ዘፋኞች የሚዘፍኑት የሱን ነው፤ የጻፋቸው ወደ ሁለት ሺህ ይጠጋሉ ይባላል። ኋላ በባለቤትነት መብት ክርክር ምክንያት ከ1995 እስከ 2009 ድርሰቶቹ ከአገሩ ሬዲዮ ጠፉ። እሱ የሞተው በ2003 ነው። ዛሬ በሳን ሁዋን አደባባይ በነሐስ ተሠርቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ መንገደኛው አጠገቡ ቁጭ እያለ ፎቶ ይነሳል። በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት ግን የገዛ ዘፈኑን በገዛ አገሩ ሬዲዮ ሳይሰማ ሞተ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በካሴት ጊዜ ቢያንስ ሽፋኑ ነበር። ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እያጠነጠንን፣ በዚያች ጠባብ ወረቀት ላይ «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ» የሚለውን እናነብ ነበር። ዛሬ ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ይዞት የሚሄደው የድምጻዊውን ስም ብቻ ነው። ዩቲዩብ ላይ ከቪዲዮው ሥር ይጽፉታል፤ ታዲያ ማን ወርዶ ያነበዋል?

«ስም ምን ይሠራል፣ እንጀራ አይሆን» የሚል አይጠፋም። ይሆናል እንጂ! በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው አመንጪ «ይህ የኔ ነው» የማለት መብት አለው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ሥራው ለንግድ ሲውል የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል እንዲሰበሰብ በር ከፍቷል። ግን ስሙ ያልታወቀ ሰው ምን ብሎ ይሰበሰብለታል? ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይጻፍ የቀረ ዘፈን ገንዘቡም ባለቤት የለውም። ከዚያ ሰውየው ይታመማል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በቴሌቪዥን ይነበባል፣ እኛም «አይ፣ ያንን ዘፈን የጻፈው እሱ ነው ለካ!» እያልን ከንፈር እንመጣለን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። መዋጮው ባይከፋም፣ የምናዋጣለት ግን በአብዛኛው የራሱን ዕዳ ነው፤ የሰው ሀቅ ቆርጠን አስቀርተን በምጽዋት መልክ ስንመልስ ምስጋና እንጠብቃለን።

ስለዚህ ሐውልቱና የወርቅ ካባው ይቆየን። ሬዲዮ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ዘፈኑን ስትከፍቱ ሦስት ስም ጨምሩ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ ለማስታወቂያ ከዚያ የበለጠ ታባክናላችሁ። ድምጻውያን፣ ቃለ መጠይቅ ላይ «ዘፈኔ» ከማለታችሁ በፊት የጻፈላችሁን ጥሩ። እኛ አድማጮች ደግሞ እንጠይቅ። ሚኒባስ ውስጥ ቢሳቅብንም እንጠይቅ። አሥር ተሳፋሪ ከጠየቀው፣ ሾፌሩም መጠየቁ አይቀርም።