ሙቀት ፍለጋ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ ተቀምጦ «ሞቅ ያለ ነገር እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ጤነኛ አይመስልም። በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ። ከምሳ በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጆቹ ዛፍ ሥር ይቆማሉ፣ ግማሹ ሰው ይተኛል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ይቀመጣል። እኔ ግን ባለፈው ዓመት ወራት የፈጀሁት ሞቅ ያለ ድምፅ ያለው ሄድፎን ፍለጋ ነው። ጅቡቲ ለሚሠራው ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ስነግረው ስልኩ ላይ ሳቀብኝ።

«አቦ አንተ ደግሞ! የድሬ ሙቀት አልበቃ ብሎህ ነው?»

እርግጥ ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። እኛ «ሞቅ ያለ ዘፈን» ስንል የሚያስጨፍር፣ ሠርግ ቤት የሚከፈት ማለታችን ነው። ሄድፎን የሚመርጡ ሰዎች «ሞቅ ያለ» የሚሉት ግን ሌላ ነው። ቤዙና ከቤዙ ከፍ ብሎ ያለው ድምፅ ትንሽ ወፈር፣ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ትንሽ ረጋ ያለ ማለት ነው። ዘፋኙ «ሰ» ወይም «ጸ» ሲል ጆሮህ ውስጥ መርፌ የሚገባ አይመስልህም። አብዛኛው የእነዚህ ፊደላት ጩኸት ያለው ከ5 ሺህ ሄርዝ በላይ ነው፤ እሱን ትንሽ ዝቅ ያደረገ ሄድፎን ለረጅም ሰዓት አያደክምም። ቀጭኑን ድምፅ ከፍ ያደረገው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች «ዋው፣ ሁሉም ነገር ይሰማል» ያሰኝሃል። በሁለተኛው ሰዓት አውልቀህ ጠረጴዛ ላይ ትወረውረዋለህ። እኔ የገዛሁት ይህንን ሁለተኛውን ነበር።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ከቤት፣ ሳቢያን ካለው የእናቴ ቤት። በቀን ስምንት ሰዓት ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር አለ። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ዕቃ ሲገዛ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፦ ሰንጠረዥ ሠራሁ፣ ግራፍ አነጻጸርኩ፣ ነጥብ ሰጠሁ። ያሸነፈው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ፣ ለስቱዲዮ የተሠራ የሚባል ሄድፎን ሆነ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የሰንጠረዡ ነው። «ጆሮ ያልባል ወይ?» የሚል ዓምድ አልነበረውም።

ያልባል። ትራሱ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው፣ ቆዳው አየር አያስወጣም፣ ቬንቲሌተሩ ደግሞ ፊቴን እንጂ ጆሮዬን አይደርስበትም። በሦስት ወር ውስጥ ቆዳው መላጥ ጀመረ፤ ጥቁር ቅርፊት አንገቴ ላይ እየረገፈ እናቴ ፎረፎር መስሏት ቅባት ገዛችልኝ።

ይኼ ቀላሉ ነው። ከባዱ ካሴቶቹ ነበሩ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሲሞት ወደ አርባ የሚጠጋ ካሴት በካርቶን ትቶልናል። መሐሙድ አህመድ አለ፣ ከሁሉ የሚበዛው ግን አሊ ቢራ ነው። ድሬ ላይ ይኼ ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ የከተማው ልጅ ነው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በሐረሪም በሶማልኛም ዘፍኗል፣ በ2015 ጥቅምት ወር ሲያርፍ ከተማው እንደ ቤተሰብ ነው ያዘነው። ማታ ማታ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ካሴት በሴኮንድ አምስት ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ የሚጓዝ ቀጭን ክር ነው፤ ከዘፈኑ ጋር የራሱን «ሽሽሽ» ይዞ ይመጣል። በዚያ ሄድፎን ሽሽታው ምጣድ ላይ ውሃ የተደፋ ይመስል ነበር። የአሊ ድምፅ ከኋላው ርቆ ይሰማል። እሱን ለማቅረብ ድምፁን እጨምራለሁ፣ ስጨምር ሽሽታውም ይጨምራል፣ ጆሮዬ ይለምደዋል፣ ደግሞ እጨምራለሁ።

ከዚያ አንድ ሌሊት ሁሉን አጥፍቼ ተኝቼ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ትንኝ መስሎኝ ተነሥቼ መብራት አበራሁ። ትንኝ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ደግሞ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። እኔ በሥራ ብቻ 40ውን እጨርሳለሁ፤ ዴሲቤሉን ለክቼው አላውቅም፣ ግን ከ80 እንደሚያልፍ ለመገመት መለኪያ አያስፈልግም። ያኔም ቢሆን ሄድፎኑን አልቀየርኩም። ኢኳላይዘር ከፍቼ 8 ሺህ ሄርዝ አካባቢ 4 ዴሲቤል ቀነስኩ። ሠራ፤ ድምፁ ሞቅ አለ፣ ሽሽታው ወደ ኋላ ሄደ። በራሴ ተደሰትኩ። ችግር በኮድ ተፈታ ማለት ነው።

እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወስዳለች። አንድ ቀን ከሰዓት እኔ ክፍሌ ውስጥ በሬን ገርበብ አድርጌ እየሠራሁ ነበር። አንድ ሰው ትከሻዬን ያዘኝና ዘልዬ ተነሣሁ። ጎረቤታችን ናት፤ በግቢያችን መሐል አጥር ብቻ ነው ያለው።

«ወላሂ አንተ ድንጋይ ነህ እንዴ? እናትህ ስትጣራ እኔ በአጥር ሰማሁ፣ አንተ አትሰማም?»

እናቴ ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ላብ አጥምቋት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ጎረቤታችን የበጠበጠችላትን ስኳር ትጠጣ ነበር። ስኳሯ ወርዶ ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ተመለሰች፣ እንዲያውም «ሥራ ላይ እኮ ነው» ብላ ስለ እኔ ተከራከረች። ስንት ጊዜ ጠራሽኝ ብዬ ጠየቅኋት። አልነገረችኝም። ጎረቤታችንን ጠየቅኋት። «እኔ የሰማሁት ሦስተኛውን ነው» አለችኝ።

በሳሎኑና በክፍሌ መካከል ያለው አሥር እርምጃ ነው።

ሰንጠረዡን አጠፋሁት። አዲሱ ጥያቄ ምን ዓይነት ድምፅ የሚል አልነበረም፤ ቤቱን የማይዘጋብኝ ሄድፎን የቱ ነው የሚል ነው። ጀርባቸው ክፍት የሆኑ ሄድፎኖች አሉ፤ ከድምፅ ማውጫው ኋላ ያለው ወንፊት ነው፣ አየርም ድምፅም ይገባል ይወጣል። ታክሲ ውስጥ አይሆኑም፣ ቢሮ ውስጥም ጎረቤትህን ያስቆጣሉ። ለቤት ግን፣ ለሞቃት ከተማ ቤት ደግሞ ይበልጥ፣ የተፈጠሩት ለዚሁ ነው። ታይዋን ገበያ ሄጄ ዞርኩ። የዝነኛ ኩባንያ ስም የተለጠፈበት ሁሉ አለ፣ አብዛኛው ስሙ ብቻ ነው። «ጀርባው ክፍት የሆነ» ስለው አንዱ ሻጭ ግራ ገብቶት «ክዳኑን ልንቀልልህ?» አለኝ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ የአክስቴ ልጅ ሰው ተጠቅሞበት የተወውን ዜንሃይዘር ኤችዲ 650 አገኘልኝ። በ2003 እንደ ፈረንጆች የወጣ አሮጌ ሞዴል ነው፣ ሞቅ ባለ ድምፁ የታወቀ። ክብደቱ 260 ግራም፤ ትራሱ ከፋይ ስለሆነ ላብ አይዝም፤ ትራሱም ገመዱም ሲያረጅ ለብቻው ይቀየራል። ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ የመቋቋም መጠኑ 300 ኦም ስለሆነ ስልክ በደንብ አይነዳውም፤ ትንሽ ማጉያ ጨምሬ ገዛሁ። ሁለተኛ፣ ጭንቅላት ይጨምቃል፤ የእኔ ደግሞ ትልቅ ነው። ዘዴው የታወቀ ነው፦ ሌሊት ሌሊት ወፈር ያለ ነገር ላይ ወጥሮ ማሳደር። እኔ የአባቴን የካሴት ካርቶን ሞከርኩ፣ ሰፋ። የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መጽሐፎቼን ደራርቤ አሳደርኩት። ከተመረቅኩ ወዲህ የጠቀሙኝ ያኔ ነው።

በኮድ የማይሠራው ይኼ ነው ለካ፤ ድምፁን ኢኳላይዘር ያሞቀዋል፣ ክብደቱን፣ ላቡን፣ ጭምቀቱን ግን የትኛውም ፕሮግራም አይቀንሰውም። ከውጭ ድምፅ ስለሚገባ ግን ዘፈኑን ከፍ አድርጌ ቬንቲሌተሩን ለማሸነፍ የምፈተንባቸው ቀኖች አሉ። ያኔ የማጠፋው ቬንቲሌተሩን ነው፤ ላቡን እችለዋለሁ። ፉጨቱ አልጠፋም። አልጨመረም።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ ያልገለበጥኩትን የአሊ ካሴት ከፈትኩ። ሽሽታው አለ፣ ግን ሩቅ ነው፣ እንደ ጎረቤት ዝናብ። ድምፁ ወፍራምና ቅርብ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር መሰለኝ፣ ቴፑ ቀጭ ብሎ ሲቆም ልብ አላልኩትም። እናቴ ከማድ ቤት ሆና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣

«አልቋል እኮ» አለች። «ገልብጠው እንጂ።»

ተነሥቼ ገለበጥኩት።