የካራማ ሰዓቶች፦ ላዩና ውስጡ

ለንግድ ዱባይ የሚመላለስ የአገራችን ሰው ከዴራ የወርቅ ገበያ ሌላ ካራማን ሳያውቅ አይቀርም። በየሕንፃው ሥር የተደረደሩት ትንንሽ ሱቆች ፊት ለፊት የሚያሳዩት ቦርሳ፣ ጫማና የመታሰቢያ ዕቃ ነው። የታወቁት ሰዓቶች ግን ብዙውን ጊዜ በመስኮት አይታዩም። አንዱ ጠጋ ብሎ «ሮሌክስ? ኦሜጋ?» ሲል ሹክ ይላል፤ እሺ ያለውንም ወደ ጓዳ ወይም ወደ ላይኛው ፎቅ ይወስደዋል። በአገሩ ሕግ የሌላውን የንግድ ምልክት አስመስሎ መሸጥ በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣልና ሹክሹክታው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለመሆኑ አምሳያው ከኦሪጅናሉ ምን ያህል ይቀርባል? ቀድሞ መለየቱ ቀላል ነበር። በባትሪ የሚሠራው ፎርጅድ የሰከንዱ ዘንግ በየሰከንዱ ይዘላል። አብዛኛው የዛሬ ሜካኒካል ሮሌክስ ግን በሰዓት 28,800 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 8 ጊዜ ስለሚመታ ዘንጉ የሚንሸራተት ይመስላል። አሁን ይህ መለያ አይበቃም። በቻይና በዚያው ፍጥነት የሚመቱ ማሽኖች ይሠራሉ፤ ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው 3135 የተባለው ማሽን ሳይቀር ተገልብጧል። የማይጫረው የሰንፔር መስተዋት፣ ቀኑን 2.5 ጊዜ የሚያጎላው ሌንስ፣ ክብደቱም ጭምር ተቀድቷል። ጥሩ የተባለውን ቅጂ ሰዓት ሠሪም ጀርባውን ሳይከፍት ለመለየት ሊቸገር ይችላል።

ልዩነቱ ያለው ከውስጥ ነው። ኩባንያው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዓቶቹ በቀን ከ2 ሰከንድ በላይ እንዳይቀድሙና እንዳይዘገዩ ፈትሾ ያወጣል፤ ውሃ አለማስገባታቸውንም ይፈትናል። ለአምሳያው እንዲህ ያለ ኃላፊነት የሚወስድ የለም። ወርቅ የሚመስለውም በአብዛኛው ቅብ ነው፤ እውነተኛው ወርቅ ደግሞ ለወንዶች እንዳልተፈቀደ አንባቢ ያውቃል።

«ሻጩ ኮፒ መሆኑን ከተናገረ ምን ችግር አለው?» የሚል ወጣት አይጠፋም። አዎን፣ የመጀመሪያው ገዢ አልተታለለም። ነገር ግን ስሙ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ተወስዷል። ሰዓቱም ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ «ኮፒ» የሚለው ቃል ካራማ ላይ ይቀራል፤ ባሕር ተሻግሮ «ኦሪጅናል» ተብሎ ሊሸጥ፣ ለሙሽራ ስጦታም ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ሰዓት ሠሪ ሲከፍተው የሚፈርሰው በቤተሰብ መካከል ያለው መተማመን ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸውን በሐዲስ ሰምተናል። ሻጩ ዝናብ እንዳገኘው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። እህሉ ከላይ ሲታይ ደረቅ ነበር፤ የካራማውም ሰዓት ከላይ ሲታይ ሮሌክስ ነው።

እህት ወንድሞች! በራሱ ስም የተሸጠ ርካሽ ሰዓትም ዙህር መግባቱንና ዐስር መቃረቡን ያሳያል። ባለቤቱም ማንም ቢጠይቀው የሰዓቱን ስም ለመናገር አያፍርም።