ጧሪስ ተገኘ፣ ቀባሪስ?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አይደለም፤ ስለ መጠለያ ነው። «ደግሞ ስለ መጠለያ ምን ይወራል?» እንዳትሉኝ! ብዙዎቻችን በየቤታችን አንድ አዛውንት አሉን። ካልሆነም በየሰፈራችን ጎዳና ላይ የወደቀ ሰው እያየን እናልፋለን። አንድ ቀን ታዲያ «እስቲ እነዚያ መነኮሳት ቤት እንውሰዳቸው» የምንልበት ሰዓት ይመጣል። ያን ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለብን የሚነግረን ግን የለም።

አማርኛችን ሰው ሲወድቅ «ጧሪ ቀባሪ አጣ» ይላል። ልብ በሉልኝ፣ ያጣው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጧሪ ነው፣ ሌላው ቀባሪ። መጠለያው የመጀመሪያውን ይሞላል። ሁለተኛውስ? የዛሬው ጨዋታዬ እሱ ነው።

እኔ የባቲ ልጅ ነኝ። ባቲን ለማታውቁ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ የምትገኝ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ያለች ከተማ ናት። የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ነው፤ አፋሩ ግመሉንና ጨውን፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ ይገናኝባታል። ዘፈን ወዳጆችም ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሟ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ሕዝቧ አብዛኛው ሙስሊም ነው። የኛ ቤት የክርስቲያን ቤት ነበር፤ የግራውም የቀኙም ጎረቤታችን ግን ሙስሊም ነው። ሥጋው ለየብቻ፣ ቡናው አብሮ... እንዲያ ሆነን ነው ያደግነው።

ይህችው ባቲ በ1977 ዓ.ም. ስሟ በዓለም ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠራ ግን በቅኝቷ አልነበረም። በረሃብ ነበር። ከየገጠሩ በእግሩ የመጣው ሕዝብ ከከተማው ዳር በተተከለው መጠለያ ጣቢያ በብዙ ሺህ ሆኖ ተከማቸ። በየቀኑ የሚሞተው ለቁጥር ያታክት ነበር። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። እናቴ የተረፋትን ቆሎ ቋጥራ ወደዚያ ስትሄድ ትዝ ይለኛል። ስትመለስ አትናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ ለጎረቤታችን «ኧረ ስሙን እንኳ የሚያውቅ ሳይኖር አፈር የሚለብሰው!» ስትል ሰምቻታለሁ። ያ ነገር ከውስጤ አልወጣም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ሳይታወቅ የተቀበረው ስንቱ ይሆን?

ይገርማችኋል፣ ዛሬ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ «ማዘር ቴሬዛ ቤት» የምንለው መጠለያም ታሪኩ ከወሎ ይያያዛል። የማዘር ቴሬዛ እህቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1950 ህንድ አገር ካልካታ ላይ ተመሠረተ። ከሁለት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ ወድቀው ለሚሞቱ ሰዎች የመጀመሪያውን ቤት ከፈተ። ወደኛ አገር የመጡት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ የዚያን ጊዜው የወሎ ረሃብ ነው ያመጣቸው። ማዘር ቴሬዛ አፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀርበው ፈቃድ ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው፣ እህቶቹም ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ድርጅቶችም ተሰባስበው፣ በኋላ ሲ.አር.ዲ.ኤ. የተባለውን ኅብረት የመሠረቱት በዚሁ ረሃብ ምክንያት ነበር።

ንጉሡ ወርደው ደርግ መጣ፤ እህቶቹ ግን ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ነጭ ሳሪያቸውን ለብሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። ማዘር ቴሬዛ በ1977ቱ ረሃብም ተመልሰው መጥተዋል፤ ከሙዚቀኛው ከቦብ ጌልዶፍ ጋር የተገናኙት ያኔ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ፤ በ2016 ቤተ ክርስቲያናቸው ቅድስት ብላ ሰየመቻቸው። የስድስት ኪሎው ቤት ጠያቂ ያጣ ሕመምተኛና ለሞት የተቃረበ ድሃ የሚጠለልበት ነው። በዚህ ቤት ለረጅም ዓመታት የጀርባ አጥንትና የልብ ሕመምተኞችን የረዱት ዶክተር ሪክ ሆደስ ደግሞ አይሁዳዊ ናቸው! እሳቸውንም መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸው የ1977ቱ ረሃብ ነው። የካቶሊክ ቤት፣ የአይሁድ ሐኪም፣ የኦርቶዶክስና የሙስሊም በሽተኛ... እንዲህ ነው እንግዲህ።

የኛዎቹስ? ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን የማያውቅ የለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ወርደው፣ ረሃብ ወላጅ ያሳጣቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ትዳራቸው ፈረሰ፤ ልጆቹን ግን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 እስካረፉ ድረስ እናት ሆነው ኖሩ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ መቄዶንያ ተመሠረተ። መቄዶንያ የቤተ ክርስቲያን ድርጅት አይደለም፤ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና ያነሣል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክሩን ሁላችሁም ሰምታችኋል።

መጠለያ ሲባል ግን ግድግዳና አልጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከባዱ ሥራ ያለው ውጪ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው፣ በክርስቲያኖች የሚተዳደር አንድ አነስተኛ ቤት አለ። እዚያ የሚሠራ የከሚሴ ልጅ እንዲህ አጫወተኝ፤ «ሰው ወድቆ ስናይ ወዲያው 'ና እንሂድ' አንልም። መጀመሪያ አጠገቡ ቁጭ እንላለን። ዳቦና ሻይ እንሰጣለን። ስሙን እንጠይቃለን። በሁለተኛው ቀን ቁስሉን እናጥባለን። በሦስተኛው ቀን ምናልባት እሺ ይላል። እምቢ ካለም በአራተኛው ቀን ሻዩን ይዘን እንመለሳለን።» ስም ጥያቄው ከሻዩ ቀጥሎ መሆኑን አያችሁልኝ?

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ይህ ልጅ አውቶቡስ ተራ አካባቢ እግራቸው የቆሰለ አንድ አዛውንት ያገኛል። በአማርኛ ቢያናግራቸው ዝም። በኦሮምኛ «ከየት ነዎት?» ሲላቸው ግን ቀና ብለው «ባቲ» አሉት። ቀስ በቀስ ታሪካቸው ወጣ። በደህናው ዘመን የባቲ ገበያ የግመል ደላላ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታባቸዋል፤ አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አዲስ አበባ ያስጠጋቸው ዘመድ ቤቱን ለቆ ሲሄድ እሳቸው ሜዳ ላይ ቀሩ። ሰው በሰው ሲጠያየቅ ወሬው ባቲ ደረሰ፤ ከባቲ ደግሞ ጅዳ! ለካ እኚህ ሰው የልጅነት ጎረቤታችን ኖረዋል።

ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ልጃቸው ናት። «እትዬ፣ አባቴን ክርስቲያኖች ወሰዱት አሉኝ» ብላ አለቀሰች። «ሃይማኖቱን ያስለውጡት ይሆን? ሥጋ ቢያበሉትስ? ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ። አደራ፣ ሄደው ይዩልኝ።»

እስቲ ፍረዱ፣ ይህች ልጅ ምን ጥፋት አለባት? ጭንቀቷም ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በማዘር ቴሬዛ ቤቶች ላይ እንኳ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በውጭ አገር ትችት ተጽፏል። ሕክምናቸው ዝቅተኛ ነው፣ የሚሞቱትን በስውር ያጠምቃሉ የሚል ወቀሳ ተሰምቷል። በሌላ ወገን ደግሞ በካልካታው ቤት ሙስሊሙ ቁርኣን እየተቀራለት፣ ሂንዱው የጋንጀስ ውኃ እየቀመሰ፣ ካቶሊኩ በካህኑ እጅ እንዲያርፍ ይደረግ እንደነበር የተመሰከረ ነው። የቱን ትመኑ? የኔ መልስ አጭር ነው፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። በሩ ላይ ቆማችሁ ሳይሆን ገብታችሁ ጠይቁ።

ሄድኩ። ታጥበው፣ እግራቸው ታሽጎ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ነው። አባቴን ጠርቼ ማንነቴን ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምግቡን ጠየቅኳቸው። «ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፤ ሥጋ የመጣ ቀን ለኔ በእንቁላል ይሠሩልኛል። ማንም ሃይማኖትህን ተው ያለኝ የለም። አልሐምዱሊላህ!» አሉኝ። ልወጣ ስነሣ ግን እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ብሞት ማን ያጥበኛል? ማን ይሰግድብኛል?»

ምን ልበል? ልጅቷ ስለ ሥጋ ስትጨነቅ፣ አባትየው እንቅልፍ ያጡት በዚህ ነው። ጧሪ አግኝተዋል። ቀባሪ ግን አላገኙም!

ለቤቱ ኃላፊ ነገርኳት። ሴትዮዋ አንድ ያረጀ መዝገብ አወጣች። የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሃይማኖትና ዘመድ ተጽፎበታል። ብዙው ገጽ ላይ ግን ከስም ቀጥሎ ያለው ባዶ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ስሙም የለም። «ሌሊት በር ላይ ጥለውብን ይሄዳሉ» አለችኝ። «መናገር የማይችል ሰው ቢሞት በየትኛው ሃይማኖት እንቅበረው? እኛ አልጋ እንሰጣለን። ማን እንደሆነ ግን የሚነግረን ያመጣው ሰው ነበር።»

የእናቴ ንግግር ትዝ አለኝ። በ1977 ዓ.ም. ስሙ ሳይታወቅ የተቀበረው ሰው፣ ረሃብ ከቀዬው ነቅሎት፣ የሚያውቀው ሁሉ አልቆበት ነው። ዛሬ በር ላይ የሚጣለው አዛውንት ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው አለው፤ ጥሎት የሄደው ያው ሰው ነው!

ከዚያ መርካቶ ወረድኩ። የባቲና የከሚሴ ነጋዴዎችን አፈላልጌ ነገሩን አስረዳሁ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው «ይሄማ የኛ ሥራ ነው» ብለው ቁጥራቸውን ጻፉ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ጨመሩ። ወረቀቱን ወስጄ መዝገቡ ውስጥ አስገባን። ለአዛውንቱ ስናነብላቸው «እስቲ ስሜን ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «በቃ» አሉ።

ከስምንት ወር በኋላ ዐረፉ። ሌሊት ተደወለ፤ ጠዋት አራት ሰዎች ከፈን ይዘው መጡ። በወጉ ታጥበው፣ ተሰግዶባቸው ኮልፌ ተቀበሩ። የከሚሴው ልጅም ከቀባሪዎቹ ጋር ሄደ። ልጃቸው ጅዳ ሆና በስልክ ሰማች፤ አለቀሰች፤ መልሳም «አላህ ይስጣቸው» አለች። አልጋው በማግሥቱ ሌላ ሰው ያዘው። የመጠለያ ሥራ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ምክሬን ላስቀምጥና ላብቃ።

አንደኛ፣ መጠለያ የመጨረሻ በር እንጂ የመጀመሪያ በር አይደለም። ዘመድ፣ ዕድር፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ሳይጠየቁ ወደዚያ አትሩጡ፤ ያ አልጋ ከናንተ የባሰበት ሰው አለበት።

ሁለተኛ፣ ሰውየውን ራሱን ጠይቁት። ስላረጀ ፈቃድ የለውም ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ስትወስዱት ሙሉ ስሙን፣ የትውልድ ቀዬውን፣ ሃይማኖቱን፣ የማይበላውን ምግብ፣ የሚወስደውን መድኃኒትና ቢያንስ የሁለት ሰው ስልክ አስመዝግቡ። መታወቂያ ካለው አብሮ ይሂድ።

አራተኛ፣ የቀብሩን ነገር በጊዜ ተነጋገሩ። «ሟርት ነው» አትበሉ። ሽማግሌው እንደሆነ ሌት ተቀን የሚያስበው እሱን ነው፤ እናንተ ዝም ስትሉ እሱ ብቻውን ይጨነቃል።

አምስተኛ፣ ጎብኙ። ሳሙናና ዘይት መስጠት መልካም ነው። ስማቸውን ጠርቶ «እንደምን ዋሉ?» ማለት ግን ሌላ ነው፤ ይህን ደግሞ የመጠለያው ሠራተኛ ለስንቱ ያዳርሰዋል?

አዛውንት ይዛችሁ እዚያ በር የምትደርሱ ሁሉ፣ ሌሊት ሳይሆን በቀን ሂዱ፤ በሩን አንኳኩና ግቡ፤ ስሙንም አስጽፉ።

ቸር ያሰንብተን!