ሴት ልጅ ሜዳሊያ ባታመጣም ትጫወት

እዚሁ ሀደራ ውስጥ፣ በእስራኤል ከፍተኛው የሴቶች እግር ኳስ ሊግ ሲጫወት ዓመታት ያስቆጠረ ቡድን አለ። ማካቢ ኪሽሮኖት ሀደራ ይባላል። በጊቫት ኦልጋም ሆነ በቤት ኤሊዔዘር ሰፈር ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስለ ኳስ ስናወራ ግን ስሙን የሚያነሳ ብዙም አይገጥመኝም። የአርሴናልን ተጠባባቂ በረኛ ሳይቀር በስም የሚያውቅ ወጣት፣ በገዛ ከተማው የሴቶች ቡድን መኖሩን ስትነግሩት "እውነት? አለን እንዴ?" ይላል። ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ ይኸው ነው። ረዘም ይላል፤ ሴት ልጅ፣ እህት ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

እኛ ቤተ እስራኤላውያን ኳስ የማንወድ ሕዝብ አይደለንም። ከእኛው የወጣው ባሩክ ዳጎ ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲጫወት ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ በሰው ተሞልቶ ነበር። ኤሊ ዳሳ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኖ ሲወጣ፣ ኳስ አይተው የማያውቁ እናቶች እንኳ "የማን ልጅ ነው?" ብለው ጠይቀዋል። እልል ማለት ያለብን ጊዜ ነበር፤ ብለናልም። ከዚያ በኋላ ስንት አባት ለወንድ ልጁ ታኬታ ገዛ? ቁጥሩ ብዙ ይመስለኛል። ለሴት ልጁ የገዛውስ?

"ስፖርት ለሴት አይሆንም" የሚል ክርክር ከኢትዮጵያዊ አፍ ሊወጣ አይገባውም ነበር። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እዚህ አገርም ሰላማዊት ተፈሪ የእስራኤልን መለያ ለብሳ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ሮጣለች። ስለ እነዚህ ሴቶች ክፉ የሚናገር ሰው ከመካከላችን አይገኝም። አጭር ቁምጣ ለብሰው መሮጣቸው፣ ላብ በላብ መሆናቸው፣ እግራቸው መጠንከሩ ማንንም አላሳፈረም።

ታዲያ ያቺው ልጅ ኳስ ስትይዝ ለምን "ወንዳወንድ" ትባላለች?

እኔ እንደሚገባኝ ሩጫን ለሴት የፈቀድነው በመርሕ አምነንበት አልነበረም። ወርቁ ቀድሞ ቤት ስለገባ ነው። ደራርቱ ባታሸንፍ ኖሮ ስለ ሴት ሯጮች ዛሬ የምንናገረው ሌላ ይሆን ነበር። ሴት ልጅ ስፖርት እንድትሠራ የምንስማማው መጀመሪያ ዋጋውን ከፍላ ስታሳየን ነው። የሴቶች እግር ኳስ ደግሞ ያንን ዋጋ ገና አልከፈለልንም፤ ስለዚህ ኳስ የምትወድ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ወንድ ልጅን ተመልከቱ። ከስድስት ዓመቱ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ኳስ ያንከባልላል። አብዛኛው ጎበዝ አይደለም። ኤሊ ዳሳ የሚሆነው ከብዙ ሺህ አንዱ ነው። ሆኖም ማንም "እስካሁን ምን አመጣህ?" ብሎ ከሜዳ አይጠራውም። ይሸነፋል፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ግብ ይስታል፣ ነገም ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ዓመት ጓደኛ ያፈራል፣ ከአሠልጣኝ ትእዛዝ መቀበል ይማራል፣ ሰውነቱ ይጠነክራል፣ ዕብራይስጡ ይሻሻላል፣ ከመጥፎ ቦታ ይርቃል። ይህ ሁሉ ያለ አንዲት ሜዳሊያ የሚገኝ ትርፍ ነው። ሴቷ ግን ልምምድ በጀመረች በሁለተኛው ወር ትጠየቃለች። "ለመሆኑ ትችያለሽ? ብሔራዊ ቡድን ትገቢያለሽ? ካልገባሽ ምን ይሠራልሻል?"

ለሴት ልጆቻችን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መካከለኛ ተጫዋች የመሆን መብት ነው። ጎበዝ ሳይሆኑም ሜዳ ላይ የመቆየት መብት።

ከቤቶቻችን የምሰማቸውን ሥጋቶች አልንቃቸውም፤ ከፍቅር የመጡ ናቸውና። አንዳንድ እናት "እግሯ ይወፍራል፣ ማን ያገባታል?" ትላለች። ይህችው እናት በልጅነቷ በጎንደር ገጠር እንስራ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ፣ እንጨት ለቅማ ስትመለስ እግሯ እንደሚጠነክር ያሰበላት አልነበረም። ሥራ ሲሆን የሴት ጉልበት ያኮራል፤ ጨዋታ ሲሆን ግን ያሳፍራል። ስለዚህ ነውር ያደረግነው ጉልበቱን ሳይሆን ሴት ልጅ ለራሷ ደስታ መዋሏን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላዋ ስለ ጨዋነት ትጨነቃለች። ይህ በአክብሮት ሊመለስ የሚገባው ጭንቀት ነው። ከቁምጣው ሥር ረጅም ታይት፣ ከመለያው ሥር ረጅም እጅጌ መልበስ ይቻላል። ፀጉርን ሸፍኖ መጫወትም ከ2014 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ሕግ ተፈቅዷል። ልብሱ መፍትሔ አለው፤ ከአሠልጣኟ ጋር ተነጋግሮ የሚያልቅ ነገር ነው።

አባቶች ደግሞ ሰንበትን ያነሳሉ። ቄሶቻችን ያስተማሩንን ሰንበት ስንት መከራ አልፈን የጠበቅነው ስለሆነ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ልምምዱና ጨዋታው መቼ እንደሚውል አስቀድሞ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። ወንድ ልጁ ቅዳሜ ኳስ ሊያይ ሲወጣ ዝም ብሎ፣ ሴቷ ማክሰኞ ማታ ልምምድ ልሂድ ስትል ሰንበትን የሚያስታውስ ቤት ግን ሰንበትን እየጠበቀ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ሥጋት ግን በአፍ የማይነገረው ነው። እናት የማታ ፈረቃ ትገባለች፤ ጽዳት፣ ፋብሪካ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ። አባትም ሥራ ላይ ነው። ትናንሾቹን ከጋን (ከመዋዕለ ሕፃናት) ተቀብሎ፣ አብልቶ፣ የቤት ሥራ አሠርቶ የሚያስተኛ ማን ነው? የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ናት። የአሥራ አራት ዓመቱ ወንድሟ በዚያው ሰዓት ሜዳ ላይ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማንም ተቀምጦ አልወሰነም። ነገሩ እንዲሁ ከአገር ቤት ተጠቅልሎ መጥቶ ሀደራ ላይ ተዘረጋ። "ሴት ለማጀት፣ ወንድ ለችሎት" የሚለው ብሂል እዚህ አገር ችሎቱን በሜዳ ለውጦ ቀጥሏል። ለሁግ (ከትምህርት በኋላ ላለው ልምምድ) የሚከፈለው ገንዘብ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚቀረው የእሷ ነው። የሴቶች እግር ኳስ ስለሚባለው ነገር ሁሉ መነጋገር ያለብን ከዚህ ከወጥ ቤት ሰዓት ተነሥተን ይመስለኛል። ወንድ ልጃችን በሳምንት ሁለት ማታ ታናናሾቹን ቢጠብቅ እህቱ ሜዳ ትደርሳለች። አንድም ሰው ብር አይከፍልበትም።

"የሴቶችን ኳስ ማን ያያል? ደካማ ነው" የሚሉኝ ወንድሞች አሉ። ለእነሱ አንድ ታሪክ ልንገራቸው። በ1920 ገና ማግስት፣ ሊቨርፑል ከተማ በኤቨርተን ሜዳ ዲክ ከር የሚባል የፋብሪካ ሴቶች ቡድን ሲጫወት 53,000 ሰው ገብቶ ነበር። ጨዋታው ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ነበር። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ኳስ ለሴቶች አይስማማም ብሎ አባል ክለቦች ሜዳቸውን እንዳይሰጧቸው ከለከለ። ክልከላው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። ብራዚል ከ1941 እስከ 1979 በሕግ አግዳለች። ምዕራብ ጀርመን ከ1955 እስከ 1970 ከልክላለች። የኳስ አገር የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ተመልካች ያልጠፋውን ጨዋታ ዘጉት፤ ሜዳ፣ አሠልጣኝና ገንዘብ ነሡት፤ ሁለት ትውልድ ካለፈ በኋላ ደግሞ "ደካማ ነው፣ ተመልካች የለውም" አሉት። በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሆን በ2023 አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ላይ ታይቷል። ለሴቶች ዓለም ዋንጫ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስታዲየም ገብቷል።

ወደ አገር ቤትም እንመልከት። የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ ሉሲዎቹ፣ በ2004 በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ ስዊድን ተጫውታለች፣ ማልታ ላይ ከቢርኪርካራ ጋር የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆናለች፣ በ2024 ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ ድረስ ሄዳ ፕሮፌሽናል ቡድን ገብታለች። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን የምሥራቅ አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ተሳትፏል። መሠረት ማኒ በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ የወንዶች ቡድን፣ ድሬዳዋ ከተማን፣ ያሠለጠነች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሊዲያ ታፈሰ ደግሞ በጥር 2021 ካሜሩን ላይ የናሚቢያንና የታንዛኒያን የወንዶች ጨዋታ በመሐል ዳኝነት መርታለች፤ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ታላቅ የወንዶች ውድድር ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሊዲያ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት፤ ወደ ዳኝነት ከመግባቷ በፊትም ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር። ይህን የምጠቅሰው በምክንያት ነው። ሜዳ ላይ ያለች ልጅ የምትሆነው ተጫዋች ብቻ አይደለም። ዳኛ፣ አሠልጣኝ፣ ሐኪም፣ ጋዜጠኛ፣ አስተዳዳሪ ትሆናለች። ከሜዳ ውጭ ስናስቀራት ከእነዚህ ሁሉ ነው የምናስቀራት።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ እንነጋገር። የከተማ ሜዳ የሕዝብ ነው፤ የእናቶችም የአርኖና (የከተማ ግብር) ክፍያ አለበት። ጥሩው የማታ ሰዓትና በደንብ የበራው ሜዳ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ኢሪያው (ማዘጋጃ ቤቱ) ነው። በዚህ አገር ሴቶች ስለዚህ ጉዳይ ተሟግተው ያውቃሉ። በ2004 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ባጋጽ፣ በራማት ሃሻሮን የሴቶች ቅርጫት ኳስ የበጀት ክርክር ለሴቶቹ ፈርዷል። ስለዚህ "ለሴቶች ልጆቻችን ስንት ሰዓት፣ የትኛው ሜዳ?" ብሎ ለማትናስም (ለማኅበረሰብ ማዕከሉም) ሆነ ለኢሪያው ጥያቄ ማቅረብ ልመና አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልቤን ይነካዋል። እኛ "ቦታህ እዚህ አይደለም" መባል ምን እንደሚመስል የምናውቅ ሰዎች ነን። በ2015 እና በ2019 ልጆቻችን መንገድ የዘጉት፣ እኛም አብረናቸው የወጣነው፣ ፖሊስ በልጆቻችን ላይ ባደረሰው ጥቃት ተቆጥተን፣ በቆዳችን ቀለም ከመዝናኛው፣ ከሥራው፣ ከትምህርት ቤቱ በር መመለሱም መርሮን ነው። ያን ጊዜ ከፊት ቆመው የጮኹት ብዙዎቹ ሴቶች ልጆች ነበሩ። ለእኛ መብት ሲጮኹ ድምፃቸው አኮራን እንጂ አላሳፈረንም። እነዚሁ ልጆች ሜዳ ሲጠይቁ "ይህ ለአንቺ አይሆንም" የምንላቸው ከሆነ፣ ሲነገረን ያቃጠለንን ቃል በገዛ አፋችን እየተናገርን ነው። ጥቁርም ሴትም የሆነች፣ ከድሃ ሰፈር የመጣች ልጅ ከውጭ የሚገፋት ሞልቷል። ከቤት የሚገፋት መጨመር የለበትም።

ወጋችን አይፈቅድም ለሚልም ምሳሌ አለ። በሰሜን በአረቦቹ ከተማ በሳኽኒን ያሉ ቤተሰቦችም ወግ አጥባቂ ናቸው፤ የሰው ዓይንና ይሉኝታ እነሱም ጋ አለ። ሆኖም ከተማዋ የሴቶች ቡድን አውጥታ በአገሪቱ ሊግ አሰልፋለች። እነሱ ወጋቸውን አልጣሉም። ልጆቻቸውን ከወጋቸው ጋር ሜዳ አስገቡ እንጂ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አባቶች፣ በሚቀጥለው የሀደራ ሴቶች ጨዋታ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሴቷንም ወንዱንም። ወንዱ እህቱን የሚያከብረው ሌሎች ሰዎች ሴቶችን ሲያደንቁ ሲያይ ነው። እናቶች፣ ልጃችሁ ልምምድ ልሂድ ስትል መጀመሪያ "ከማን ጋር ነው፣ ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ "ምን ያደርግልሻል?" የሚለውን ተዉት። አያቶች፣ የእናንተ አንድ ቃል በቤት ውስጥ ከአሥር ንግግር ይበልጣል፤ "ተዋት ትጫወት" በሉልን። ወጣት ወንዶች፣ እሷ ልምምድ ባላት ማታ ትናንሾቹን እናንተ ያዙ። ኳስ የምትችሉ ደግሞ በሳምንት አንድ ሰዓት ለሰፈሩ ልጃገረዶች ስጡ።

ልጃችሁ ብትሸነፍም፣ ሦስት ዓመት ተጫውታ አንድ ግብ ባታገባም፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ትታው ሌላ ነገር ብትጀምርም ምንም አልጠፋም። ወንድሟም ያደገው እንደዚያው ነው። እሷም እንደ እሱ፣ ምንም ነገር ሳታረጋግጥልን፣ ሜዳ ትግባ።