የላሊበላዋ ላንድሮቨር ዋጋ



ዶርም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞሩት ቪዲዮዎች ብዙዎቹ የአሮጌ የአሜሪካ መኪና ናቸው። አንድ ወጣት እርሻ ዳር ተጥላ የዛገች ፎርድ ሙስታንግ ይገዛል፤ ይፈታታል፣ ይበይዳል፣ ይቀባል፤ በመጨረሻ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሯን እያስጓራ ይነዳታል። የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ሆኖ ይህን አይቶ የማይጓጓ ያለ አይመስለኝም። ሙስታንግ እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ ስትቀርብ የታሰበችውም ለወጣት ገዢ ነበር።

እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አሮጌ መኪና ገዝቶ ማደስ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ከስልኩ አንሥቶ አገር ውስጥ ያሉትን ማየት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ይህ ማለት ባብዛኛው ቮልስ ነው። ለእኛ ለላስታ ልጆች ግን ላንድሮቨር ነው።

ላንድሮቨር እንግሊዛዊት ብትሆንም አሜሪካዊ ዘመድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1947 የሮቨር ኩባንያው ሞሪስ ዊልክስ የመጀመሪያዋን ሙከራ የሠራው በአሜሪካ ጂፕ ሻንሲ ላይ ነበር፤ በዓመቱ አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየች። ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበር አካሏን በአሉሚኒየም ሠሩት። ይህ አጋጣሚ ነው እስከ ዛሬ ያቆያት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ከሥር ያለው ሻንሲ ግን ብረት ነው፣ ይዝጋል።

እኔና የአጎቴ ልጅ ያገኘናት ላሊበላ ውስጥ አንድ ግቢ ቆማ ነው። እሱ ወልድያ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ባለቤቷ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ዶሮዎች ኋላ ወንበሩ ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር። ባለቤታቸው እማማ ዋጋ ሲጠሩ ሁለታችንም ዝም አልን። የጠሩት ገንዘብ እንዲህ ያለች መኪና፣ ሞተሯ ሳይነሣ እንኳ፣ አዲስ አበባ ከምትሸጥበት ግማሹን አይሞላም።

መጀመሪያ መኪናዋን መረመርን። ከሥሯ ገብተን ሻንሲውን ዳር እስከ ዳር በትንሽ መዶሻ መታን። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከውስጥ የተበላው ድፍን ይላል። ሻንሲው ውስጡ ባዶ ሣጥን ስለሆነ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ቀለም አይቶ መፍረድ አይቻልም። የእሷ ከኋላ በኩል ሁለት ቦታ ድፍን አለ፤ የቀረው ደህና ነው። የብረት ቡሎን አሉሚኒየሙን በሚነካበት ሁሉ ነጭ ዱቄት ወጥቷል፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ቀድሞ ይበላል። ሞተሩን በማኖቬላ ሞከርነው፤ ዞረ፣ አልነከሰም። ካንዴላዎቹ በጥላሸት ጠቁረዋል። ይህ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩም ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ነው መድኃኒቱ።

ከባዱ ምርመራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአጎቴ ልጅ “ዋጋውን የጠሩት ራሳቸው ናቸው። አልዋሸንም፣ አላጣጣልንም። ግዛና እንሂድ” አለ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ሻጭ የዕቃውን ዐይብ መደበቅ እንደሌለበት ሁላችንም መድረሳ ተምረናል። ገዢስ የሚደብቀው ነገር የለውም?

ኡስታዛችን “ተለቂ ሩክባን”ን ሲያስተምሩን ትዝ አለኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከገጠር ሸቀጥ ይዞ የሚመጣን ሰው ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ከልክለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለ ዕቃው የገበያውን ዋጋ አያውቅም፣ የተቀበለው ነጋዴ ግን ያውቃል። ልጅ ሆኜ ግመልና ቅራቅንቦ ነበር የሚታየኝ። እማማ ግቢ ቆሜ ግን ነጋዴዎቹ እኛ፣ መንገዱም ከላሊበላ በጋሸና ወልድያ የሚወስደው ሆኖ ታየኝ።

የአጎቴ ልጅ መልስ ነበረው። “እኔ ሦስት ወር ከሥሯ ተኝቼ የማወጣው ላብስ? እሱም የእሳቸው ነው?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ የታደሰች መኪና ዋጋና የቆመች መኪና ዋጋ አንድ አይደለም። ስለዚህ ወረቀት አውጥተን ቀመርነው። እንዲህ ያለች የማትነሣ መኪና አዲስ አበባ ስንት ታወጣለች? ከዚያ ላይ በጭነት መኪና ማስወሰጃውን ቀነስን። የቀረው የእሳቸው ነው። ከብየዳው፣ ከፍሬኑና ከሶማሌ ተራ ከሚገዛው መለዋወጫ በኋላ የሚጨመረው የእኛ ነው።

ነገርናቸው። እማማ ጥቂት ዝም ብለው “ልጄ፣ ይኼን ባትነግረኝ ማን ያውቅብህ ነበር?” አሉ። ከዚያ ልጆቻቸው ጋ ደወሉ፤ አንዷ ደሴ፣ አንዱ ዐረብ አገር። ትክክልም ነበር፤ መኪናዋ የሟች ውርስ ስለሆነች የእሳቸው ድርሻ ስምንት አንድ ብቻ ነው፣ የቀረው የልጆቹ ነው። ሊብሬው በሟች ስም ነበርና የወራሽነት ማስረጃ እስኪወጣ ጠበቅን። ልጆቹ የቀመርነውን ዋጋ ጠየቁ፤ በእጃችን ያለው ግን ግማሹ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ግማሹን አሁን፣ ቀሪውን በአንድ ዓመት ውስጥ ልንከፍል ተፈራረምን። ዋጋው ተቆርጧል፤ ብንዘገይ የሚጨመር ነገር የለም።

የአጎቴ ልጅ ለሳምንታት አኩርፎኝ ነበር። ትርፋችን ቀንሷል፤ ምናልባትም ትርፍ የሚባል ነገር አይኖርም። የክረምት ሥራ ያገኘሁበት ደመወዝ ሳይቀመጥ ወደ ላሊበላ ይሄዳል። ሻንሲው ተበይዷል፤ አሁን ፍሬኑ ላይ ነን። ሞተሩ ገና አልተነሣም።

ከእናንተም አንዳችሁ በአያት ግቢ፣ በጎረቤት መጋዘን የቆመች ቮልስ ወይም ላንድሮቨር ታውቁ ይሆናል። ልትገዟት ካሰባችሁ ሊብሬውን አይታችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናዋ ጋር አመሳክሩ፤ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቁ፤ መዶሻ ይዛችሁ ከሥሯ ግቡ። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ ገበያው ስንት እንደሚል ለባለቤቱ ንገሩ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ተከራከሩ፤ ወሎዬ ሲከራከር ማን ይችለዋል!

ወሰላሙ ዐለይኩም።