ሁሉም ተፈትኗል



ባለፈው ሴሚስተር ከየዶርሙ ባዶ ሃይላንድ ስንለቅም ያያችሁን ብዙ ናችሁ። ግማሾቻችሁ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ለውዱእ እንዲሆነን የምናጠራቅም መስሏችሁ ነበር። "ምን ልታደርጉበት ነው?" ብላችሁ ለጠየቃችሁን ደግሞ "የአውሮፕላን ነዳጅ ታንከር ልንሠራበት" ብንላችሁ ስቃችሁብን አለፋችሁ። እውነታችንን ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው እንንገራችሁ።

ከግቢያችን ተመርቆ ወደ ገልፍ አገር የሄደ አንድ ወንድማችን አለ። እኛ ፍሬሽ ሆነን ቦንጋ ስንገባ እሱ ጂሲ ነበር። በዚያ በማያባራው የካፋ ዝናብ ከመናኸሪያ ሻንጣችንን ተሸክሞ ያስገባን፣ ከግቢ ውጪ ያለውን መስጂድ ያሳየን፣ ዳሩ የተበላ ሃንድአውቱን ያወረሰን እሱ ነው። በሚሠራበት አገር በትርፍ ጊዜው በሪሞት የሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖችን የሚያበሩ ሰዎች ክበብ ውስጥ ገባ። ሁለት ዓመት ያጠራቀማትን ገንዘብ አውጥቶም ያገለገለ ሞዴል ጄት ገዛ። ችግሩ አብሮት የመጣው የነዳጅ ታንከር ተሰንጥቆ ነበር። በሱቅ የሚሸጡት ደግሞ ልኩን አይሆኑም፤ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው ቱቦ የአውሮፕላኑን ሆድ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ለታንከሩ የሚተርፈው በግራና በቀኝ ያለው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። በቴሌግራም ፎቶና ልኬት ላከልንና "እናንተ ኢንጂነሪንግ እየተማራችሁ አይደል? ነድፋችሁ፣ ፈትናችሁ ላኩልኝ፤ እኔ እዚህ በንድፋችሁ እሠራዋለሁ" አለን።

ሞዴል ጄት ሲባል የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ውስጡ ያለው እውነተኛ ተርባይን ነው። በቁመት ከአንድ ሊትር ሃይላንድ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። የሚጠጣው ላምባ ነው፤ በ20 ሊትር ላምባ ውስጥ አንድ ሊትር ገደማ የተርባይን ዘይት ይጨመርበታል፣ ኩሽኔታዎቹ የሚለሰልሱት በዚያው ነው። ለዚህ ቴክኖሎጂ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ኩርት ሽሬክሊንግ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ በቤቱ በሠራው ተርባይን ላይ አየር የሚጨምቀውን ጎማ ከኮምፔንሳቶ እንጨት ነበር የቀረጸው። ይህን ስናነብ ልባችን ሞቀ። እሱ በኮምፔንሳቶ ሞተር ከሠራ እኛ በሃይላንድ ታንከር መሥራት አያቅተንም አልን። ደግሞም የራሳችን ፈጠራ አልነበረም፤ በሌላውም ዓለም ብዙ የሞዴል ጄት ሠሪዎች የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ይጠቀማሉ። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ ላምባ አያሟሟውም፣ የውስጡንም ያሳያል።

የወንድማችን ሞተር በሙሉ ኃይል ሲሠራ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ያቃጥላል። ስለዚህ ባለአንድ ሊትር ሁለት ጠርሙሶችን በአየር ቱቦው ግራና ቀኝ አስተኝተን እርስ በርስ ለማያያዝ ወሰንን። የመጀመሪያው ነዳጁን ወደ ሁለተኛው ያስተላልፋል፣ ሁለተኛው ወደ ፓምፑ። ሁለት ሊትር ማለት ስድስት ደቂቃ በርሮ በሰላም ለማረፍ ይበቃል። ቦታቸውም የአውሮፕላኑ ሚዛን ያረፈበት መሃል ላይ መሆን ነበረበት፤ አለዚያ ነዳጁ እየጎደለ ሲሄድ አፍንጫው ወይም ጭራው እየከበደ ይሄዳል። ክብደቱን ስናሰላ ሁለት ሊትር ሁለት ኪሎ ነው ብለን ጻፍን። ከኬሚስትሪ ዲፓርትመንት የሆነች እህታችን ወረቀቱን አየችና "ይህ እኮ የውሃ ክብደት ነው" አለችን። ላምባ በሊትር 0.8 ኪሎ ያህል ስለሆነ ትክክለኛው 1.6 ኪሎ ነበር። አፍረን አረምን። ያኔ የማንም ጉዳት ስላልነበረበት ማፈሩ ቀላል ነበር።

መሣሪያችንን ያገኘነው ከዚሁ ከከተማችን ነው። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዛን፤ ውስጡ ስለሚታይ አረፋ ካለፈ ያጋልጣል። ከአንድ ጋራዥ የመኪና መስታወት ላይ ውሃ የሚረጭ አሮጌ ፓምፕ ለመንን። ፍጥነቱን እየቀነስን በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር እንዲስብ አደረግነው። ታንከሩን በካርቶን ከሠራነው የአውሮፕላን ሆድ ውስጥ አስረን ከኢሻ በኋላ፣ መብራት ባለ ቀን፣ በውሃ መሞከር ጀመርን።

የመጀመሪያው ሙከራ ሳቅ ሆነ። የአየር መግቢያውን ቀዳዳ ረስተነው ነበር፤ ፓምፑ ሲስብ ጠርሙሱ ጭምድድ ብሎ ቁጭ አለ። እናቶቻችን የዘይት ጀሪካን ሲከፍቱ በአፉ ትይዩ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ የሚበሱት ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባን። ፈሳሽ የሚወጣው አየር ሲተካው ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖሩት የበኑ ሙሳ ሦስት ወንድማማቾች ኪታቡል ሒየል በተባለው መጽሐፋቸው መቶ ያህል መሣሪያ ነድፈዋል፤ አብዛኞቹ ይህንኑ የአየርና የውሃ መተካካት የሚጠቀሙ ማሰሮዎችና ፏፏቴዎች ናቸው። እኛ በአንድ ሃይላንድ የተቸገርንበትን እነሱ ከሺህ ዓመት በፊት ተጫውተውበታል።

ዋናው ጠላት ግን አረፋ ነው። ተርባይን ለአፍታ ነዳጅ ትቶ አየር ከጠጣ እሳቱ ይጠፋል፤ ሰማይ ላይ ደግሞ መልሶ ማስነሳት አስቸጋሪ ነው። አውሮፕላኑ ሲዞር፣ ሲወጣና ሲወርድ ነዳጁ ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ በታንከሩ ውስጥ ነዳጅ የሚስበው ቱቦ ለስላሳ ሆኖ ጫፉ ላይ ክብደት ይታሰርበታል፣ ነዳጁ ወዳለበት እንዲወድቅ። ቱቦው ከረዘመ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፣ ካጠረ ነዳጁን አይደርስበትም፣ ከጠነከረ ደግሞ አይታጠፍም።

አሁን ወደ ማንወደው ክፍል መጣን። ፋይናል ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን ሙከራ አደረግን። ቀና አድርገን፣ ወደ ግራ አጋድለን፣ ወደ ቀኝ አጋድለን፣ ሁሉም ሰላም ነው። ሁለተኛው ጠርሙስ ወደ ግማሽ ሲጠጋ አፍንጫውን ወደ ታች ደፋነው። ቱቦውን በስልክ መብራት ይከታተል የነበረው ወንድማችን አረፋ ሲያልፍ አየ። "አረፋ አለ" አለ። አንዳችን "መገጣጠሚያው ላልቶ ይሆናል" አለ። ሌላችን መገጣጠሚያውን ጠበቅ አደረገ። ያ አቅጣጫ ግን አልተደገመም። ሰዓቱ ስድስት አልፏል፣ ጠዋት ቲውቶሪያል አለ፣ ዓይናችን ከድኗል። በወረቀቱ ግርጌ "ሁሉም ተፈትኗል" ብለን ጻፍን፤ ፎቶ አንስተን ላክን፤ ተኛን። አረፋውን ያየውም ወንድማችን ዝም አለ፤ እኛም ዝምታውን ወደድነው።

ከወር በኋላ ቪዲዮ መጣ። አውሮፕላኑ ሲነሳ "አላሁ አክበር" ብለን ዶርሙን አናጋነው። ወደ አምስተኛው ደቂቃ ግን አፍንጫውን ደፍቶ እየዞረ ሲወርድ የሞተሩ ድምፅ ቀጥ አለ። ወንድማችን እንደምንም በአየር አንሳፎ አወረደው፤ ሜዳው ጋ ሳይደርስ አፈር ላይ አረፈ፣ የፊት እግሩ ተሰበረ፣ የአንዱ ክንፍ ጫፍ ተሰነጠቀ። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም። ከቪዲዮው በታች እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ "የእናንተ ሥራ ችግር የለበትም፣ ሁሉንም ፈትናችኋል። ፓምፔ ይመስለኛል፤ አዲስ አዝዣለሁ።"

ይህን አንብበን ማናችንም አልተናገርንም። አረፋው የታየው በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው የነዳጅ መጠን መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። ደህና የሆነ ፓምፑን ጥሎ በላቡ ገንዘብ ሌላ ሊገዛ ነው። ያም አልፎ አዲሱን ፓምፕ ገጥሞ በዚያው ታንከር እንደገና ሊያበር ነው።

በዚያ ሌሊት የተቀመጥነውን ሹራ አንረሳውም። አንደኛችን "ታንከሩን አሻሽለናል ብለን አዲስ ንድፍ እንላክለት፤ ስለ ድሮው ምን አስወራን?" አለ። ሐሳቡ ለብዙዎቻችን ጣፋጭ ነበር፤ ውሸት የለበትም፣ ችግሩም ይፈታል። አረፋውን ያየው ወንድማችን ግን "ፓምፑስ?" አለ። "የከፈለበትን ማን ይመልስለታል? እሱ ያመነን እኮ በዚያች ጽሑፍ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም።

እርግጥ ትንሽ አውሮፕላን ናት፣ ሰውም አይሳፈርባት። ነገር ግን ነዳጅ ትንሽና ትልቅ አይለይም። በኅዳር 1996 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 በተጠለፈ ጊዜ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አውስትራሊያ እንደማያደርስ ለጠላፊዎቹ ነግሯቸው ነበር። አላመኑትም። ነዳጁ አለቀ፣ አውሮፕላኑ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፣ ከ175ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ ሞቱ። በታንከር ውስጥ ያለውን እውነት ሰው ባይቀበለው አይለወጥም። በወረቀት ላይ ሌላ ቢጻፍለትም አይለወጥም።

ድምፅ ቀድተን ላክንለት። እያንዳንዳችን በየተራ የሆነውን ነገርነው፣ ዓውፍ እንዲለን ጠየቅነው። ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። በእነዚያ ሁለት ቀናት ስልካችንን ስንት ጊዜ ከፍተን እንዳየን አላህ ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ከሱብሂ በኋላ አጭር ድምፅ መጣ፦ "የፓምፑን ትእዛዝ ሰርዣለሁ። የተሰበረውን እኔ እጠግናለሁ። አሁን ንገሩኝ፣ አረፋው የታየው ስንት ዲግሪ ላይ ነው?"

ዲግሪውን አልለካንም ነበር። እንደገና ከዜሮ ጀመርን። ይህን ጊዜ ወረቀቱን በሠንጠረዥ ከፋፈልነው፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ፤ በእያንዳንዱ ላይ አፍንጫ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግልብጥ። ለእያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ሰው በስሙ ይፈርማል። አረፋ ያየ ሰው፣ ትንሹም ቢሆን፣ "ቁም" ካለ ሁሉም ይቆማል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ መቀጠል የለም። ጥፋቱም ተገኘ። የምንስብበት ቱቦ ጠንካራ ስለነበር አፍንጫው ሲደፋ ወደ ፊት አይታጠፍም፤ ነዳጁ ፊት ለፊት ተከማችቶ ቱቦው ከኋላ አየር ይስባል። በለስላሳ ቱቦ ለወጥነው፣ የጫፉን ክብደት ጨመርን። በሁለተኛው ጠርሙስና በፓምፑ መካከልም ሁልጊዜ ሞልቶ የሚቆይ ትንሽ ታንከር አስገባን፤ ያመለጠ አረፋ ቢኖር እዚያ ከላይ ተንሳፎ ይቀራል፣ ሞተሩ ግን ከታች ነዳጅ ይጠጣል። በላምባ የሞከርነውን ደግሞ ከዶርም ርቀን፣ ሜዳ ላይ፣ እሳት በሌለበት ነው ያደረግነው። የግሉኮስ ቱቦ ላምባ ሲነካው እየደረቀ ስለሚሄድ ለውሃ ሙከራ እንጂ ለበረራ እንደማይሆንም ጻፍንለት።

ሁለተኛው በረራ ስድስት ደቂቃ ሆነ። ወንድማችን ካረፈ በኋላ የአውሮፕላኑን ክዳን ከፍቶ ትንሿን ታንከር በቪዲዮ አሳየን። እስከ አፏ ሞልታለች፣ አንዲት አረፋ የለባትም። በዶርም ውስጥ እንደ መጀመሪያው አልጮኽንም። አንዳችን ብቻ "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ሌሎቻችን ደገምነው።

የድሮውን ወረቀት አልጣልነውም። "ሁሉም ተፈትኗል" የሚለው በአንድ መስመር ተሰርዞ ዶርማችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ይህን ከጻፍን ወዲህ ያላየነውን ላብ ሪፖርት ላይ "አይተናል" ብለን መፈረም፣ ክፍል ላልገባ ጓደኛችን አቴንዳንስ መያዝ፣ ባልሠራነው ግሩፕ አሳይመንት ስማችንን ማስገባት እየከበደን መጥቷል። ፈጽሞ ተውነው አንልም፤ ዓይናችን ግን ወደ ግድግዳው ይሄዳል።

ታንከሩን ማየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ከአስር በኋላ ኑ። ባዶ ሃይላንድ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፤ ለውዱእ የምትፈልጉትን ግን አንነካባችሁም።