ጣሪያና ቪዛ በአል ቁዝ

አል ቁዝ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ማየት ብርቅ ነው። በሼክ ዛይድ መንገድና በአል ኸይል መንገድ መካከል የተዘረጋው ይህ የዱባይ ሰፈር አራት የመኖሪያና አራት የኢንዱስትሪ ክፍሎች አሉት። ጋራዡ፣ መጋዘኑ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቱ፣ የሠራተኛ ካምፑ ጎን ለጎን ቆሟል፤ በመጋዘኖቹ መካከልም አልሰርካል አቬኑ የሚባለው የሥዕል አዳራሾች መንደር አለ። ሲመሽ መንገዱ ጭር ይላል፤ የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው ሠራተኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ነው። ይህን ያየ ሐበሻ «ዱባይ ጎዳና አዳሪ የለም» ብሎ ቢደመድም አያስገርምም። ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም። ቤት ያጣ ሰው እዚህም አለ፤ የሚያድረው ዓይን በማያርፍበት ቦታ ስለሆነ ነው የማይታየው።

የሚደበቅበት ምክንያት አለው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ልመና እስከ ሦስት ወር እስራትና ቢያንስ 5,000 ድርሃም ያስቀጣል። የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው ደግሞ ሜዳ ላይ ቢተኛ ቀድሞ የሚያገኘው መጽዋች ሳይሆን ፖሊስ ነው። ስለዚህ ሰው ሰው ላይ ይጠጋል። አንዷ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ ሌላዋ በአልጋዋ ታድራለች፤ ንጋት ላይ ቦታ ይለዋወጣሉ። የኪራዩ ገንዘብ ሲሳሳ ከዱባይ ወደ ሻርጃ፣ ከሻርጃ ወደ አጅማን ይኬዳል። እየራቀ ሲሄድ አልጋው ይረክሳል፣ የሥራ ፍለጋው የመጓጓዣ ወጪ ግን ይጨምራል።

ይህ አልጋ «ቤድ ስፔስ» ይባላል። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ክፍል በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ፣ ባለ ሁለት ደርብ የብረት አልጋ ተደርድሮበት፣ በየሰው ይከራያል። የታችኛዋ ተከራይ አንሶላ በገመድ ሰቅላ መጋረጃ ታደርገዋለች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው የመንገደኛ ነው፣ ወዲህ ያለው «ቤቷ» ነው። ሻንጣዋ አልጋው ሥር ይገባል። ከሻንጣው ጎን ከአገር ቤት የተላከ በርበሬ በቆርቆሮ ይቀመጣል፤ ከራስጌ የስልክ ቻርጀር፣ ከቻርጀሩ በላይ የማርያም ሥዕል ወይም የቁርኣን ጥቅስ ይለጠፋል። ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ ቀና ማለት አይቻልም፣ የላይኛው አልጋ ብረት ጭንቅላት ይመታል። የዚህን የወር ኪራይ መክፈል ያቃታት ሴት ከዚህ በታች የምትወርድበት ደረጃ የላትም። ክፍል መሸንሸኑም ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ የዱባይ ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 በአል ሪጋ፣ በአል ሙረቀባት፣ በአል ባርሻ፣ በሳትዋና በአል ራፋ ዘመቻ አድርጎ ነበር። የእሳት አደጋው ሥጋት እውነተኛ ነው። ኮምፔንሳቶው ሲነሳ ግን ከኋላው የነበረው ሰው ለዚያች ሌሊት ማደሪያ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ወደዚህ የሚያወርደው መንገድ በሕግና በውል የተጠረገ ነው። የኮንትራት ሠራተኛ ሥራዋ፣ ማደሪያዋና የመኖሪያ ፈቃዷ ባንድ አሠሪ ስም ታስረዋል። የቤት ሠራተኛ የምታድረው በምትሠራበት ቤት ነው። በድርጅት የሚቀጠረውም ከዚያ አይርቅም፤ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከ1,500 ድርሃም በታች ለሚከፈላቸው ማደሪያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ የአል ቁዝ ካምፖችም ለዚህ የቆሙ ናቸው። ግዴታው ለሠራተኛው ጥቅም የወጣ ነው፤ ያለ እሱ በዚያ ደመወዝ ዱባይ ውስጥ ቤት መከራየት የማይታሰብ ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው ሥራው ሲቋረጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሥራ የተባረረ ሰው ቤቱ ገብቶ ያዝናል። እዚህ ግን ደመወዙ በቆመበት ዕለት ጣሪያውም ይቆማል፤ የእፎይታ ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ በዚህ አገር መገኘቱ ራሱ ጥፋት ይሆናል። አሠሪ «ጠፍታለች» ብሎ ሪፖርት ካደረገ እፎይታውም አይኖርም። በቪዛ ላይ ላለፈ ለእያንዳንዱ ቀን ቅጣቱ 50 ድርሃም ነው፤ አንድ ዓመት ሲሞላ 18,250 ድርሃም ይሆናል። ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ይህ ከአንድ ዓመት ደመወዟ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የተጀመረው የሥራ አጥነት መድን ሥራ ላጣ ሠራተኛ የመሠረታዊ ደመወዙን 60 በመቶ እስከ ሦስት ወር ይከፍላል፤ የቤት ሠራተኞችን ግን አይጨምርም። ጣሪያዋ ከሥራዋ ጋር ይበልጥ የተቆራኘባት ሴት ከመድኑ ውጭ ቀርታለች ማለት ነው። ከሕጎቹ ሁሉ ይህኛው መስተካከል ይገባዋል።

ወገን ግን ይህን ሰንሰለት አይተርክም። አንዲት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ በክፍሉ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አጥፍታ ነው?» የሚል ነው። መልሱም አይጠፋም፤ አልታገሠችም፣ ማዳሟን ተሳድባለች፣ ስልክ አበዛች፣ ወንድ ለመደች። ወንድ ከሆነ መጠጥና ቁማር ይታከልበታል። ሁለተኛው መልስ ለስለስ ያለ ነው፤ «ዕድሏ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ይባላል። ሦስተኛው፣ ቪዛው የተያዘበትን አሠራር የሚጠይቀው፣ ከሁሉ በኋላ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም አይመጣም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጆ ፊገን እ.ኤ.አ. በ1969 ባካሄደው ጥናት ሰዎች ድህነትን የሚያስረዱባቸውን ምክንያቶች በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ለይቷቸው ነበር፤ የድሃው ጥፋት፣ ዕድል፣ የኅብረተሰብ አሠራር። ያኔ የተጠየቁት አሜሪካውያንም ይበልጥ ያመካኙት በድሃው ላይ ነው። ሜልቪን ለርነር የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ደግሞ ሰው ዓለም ፍትሐዊ ናት ብሎ ማመን ስለሚፈልግ የተጎዳውን ጥፋተኛ ያደርጋል ብሎ ጽፏል። የአል ቁዙ ሁኔታ ለዚህ ምስክር ነው። «ስላልታገሠች ነው» የምትለው የላይኛው አልጋ ተከራይ ቪዛዋ ከተባረረችው ልጅ ቪዛ የተለየ አይደለም። ጥፋቱ የልጅቷ ከሆነ እሷ በመታገሥ ትድናለች፤ ጥፋቱ የአሠራሩ ከሆነ ግን ተራው የእሷ ሊሆን ይችላል። ፍርዱ ከክፋት ይልቅ ከፍርሃት የሚመነጭ ነው።

መዘዙ ግን በተግባር ይታያል፤ እርዳታው ምክንያቱን ተከትሎ ስለሚሄድ። «ታመመች» የተባለችው ሴት ሲደርስባት በአንድ ሳምንት መዋጮ ተሰብስቦ የአውሮፕላን ትኬት ይቆረጥላታል። «ጠፍታ ነው» የተባለችው ከሦስት ሌሊት በኋላ የፊት መጥቆር ያጋጥማታል። ሁለቱም ያጡት አንድ ዓይነት አልጋ ነው። የሰው ስስት ብቻ ነው ማለት ግን በደል ይሆናል። አስጠጊዋም የራሷ ማደሪያ የምታጣበት ሥጋት አለባት፤ ሕገወጥ ሰው ማሳደር ያስቀጣል፣ አከራዩም ሰው በዛ ብሎ ያስወጣል።

አገር ቤት የነበረው ልማድ ሌላ ነበር። ሰው መሽቶበት በር ላይ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይገባ ነበር። ማን እንደሆነና ለምን እንደመሸበት አስቀድሞ አይጠየቅም፤ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ይህ ደግነት ግን በማግስቱ የሚሄድ እንግዳን የሚመለከት ነው፤ የማይሄደውን ከተማ በሌላ ዓይን ያየዋል። በኢትዮጵያ የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 መተዳደሪያ የሌለውን ሰው ከወንጀል ተጠርጣሪ አጠገብ ያቆመ ነው። አዲስ አበባም ታላላቅ ስብሰባዎች ሲቃረቡ የጎዳና ልጆችን ማፈስ የለመደች ከተማ ናት። የአል ቁዝ ሐበሻ ሁለቱንም ይዞ ነው የተሰደደው፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ቸርነቱን ያሳያል፣ ከሳምንት በኋላ ጥርጣሬውን።

ይህ አመለካከት ባንድ ጊዜ ተገልብጦ የታየበት ዘመን ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ ሆቴሎች ተዘጉ፣ የጽዳት ድርጅቶች ሠራተኛ ቀነሱ። ያኔ «ምን አጥፍታ ነው?» የሚል አልተሰማም፤ ሁሉም አብሮ ስለወደቀ ጥፋቱ የበሽታው ሆነ። በዚያው ዓመት በሰኔ ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አራገፏቸው። ደመወዝ ያልተከፈላቸው ሴቶች ሻንጣቸውን ተደግፈው አስፋልት ላይ ሲያድሩ በቪዲዮ ታየ፤ ቁጣውም ሁሉ በአሠሪውና የሠራተኛን ፈቃድ ባንድ አሠሪ ስም በሚያስረው፣ ካፋላ በሚባለው አሠራር ላይ ወረደ። ከዚያ በፊትም ለዓመታት ሴቶች አንድ በአንድ ከየቤቱ ይባረሩ ነበር፣ ስሙ ግን «ጠፋች» ነበር። ብዙ ሰው ባንድ ሌሊት ሲወድቅ አሠራሩ ይታያል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲወድቅ የሚታየው ጠባዩ ነው።

ከወገን ፍርድ ይልቅ የሚከብደው ደግሞ የቤተሰብ ፍርድ ነው። ልጅቷን ለመላክ በሬ ተሽጧል ወይም ለደላላ በአራጣ ተበድሯል። ገንዘቡ ሲቋረጥ ገጠር ያለው ሰው የሚገምተው «ረሳችን» ብሎ ነው፤ ማደሪያ አጥታለች ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። እሷም አትናገርም። ሞል ፊት ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ትልካለች፣ ማታ የምትተኛበትን ሳታውቅ። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱም ባዶ እጃቸውን ሰፈራቸው ለመግባት አፍረው አዲስ አበባ የቀሩ ነበሩ። ኀፍረት ሰውን ከገዛ ቤቱ ደጅ ሲያስቀር ያን ጊዜ ታይቷል።

የኤምሬቶች መንግሥት በየጊዜው በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2024 የታወጁት ምሕረቶች ቪዛቸው ያለፈ ሰዎች ቅጣት ሳይከፍሉ እንዲወጡ ወይም ወረቀታቸውን እንዲያስተካክሉ ፈቅደዋል፤ የ2024ቱ ከመስከረም 1 ተጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 31 ተራዝሟል፣ በዱባይ ወረፋው አል አዊር በሚባለው ሰፈር ነበር። ምሕረቱ ለብዙዎች እፎይታ ሰጥቷል። ሥራን፣ ማደሪያንና ፈቃድን ባንድ ሰው እጅ ያሰረው ቋጠሮ ግን አልተፈታም፤ ስለዚህ ከምሕረት እስከ ምሕረት ባለው ጊዜ ሌሎች ሰዎች በዚያው መንገድ ይወርዳሉ።

በአል ቁዝ፣ በሻርጃ ወይም በአጅማን የምትኖር አንባቢ ሆይ፣ ሻንጣ የያዘች ልጅ በርሽ ላይ ስትቆም ከጥፋቷ በፊት ፓስፖርቷ ማን ጋር እንዳለ፣ ስንት ወር እንዳልተከፈላትና «ጠፍታለች» ተብሎ ሪፖርት መደረግ አለመደረጉን ጠይቂያት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ መታወቂያ ወረቀቷን ራሷ እንድትይዝ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንድታርፍና ተገቢ ማደሪያ እንድታገኝ መብት ሰጥቷታል። የሥራ ክርክር አቤቱታ በ80084 ይቀርባል፤ ጥቃት የደረሰባት ሴት ደግሞ በዱባይ የሴቶችና ሕፃናት ፋውንዴሽን 800111 ላይ መደወል ትችላለች።